ሳይኮሲስን ከባለቤቱ አንደበት ማጥናት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሳይኮሲስ የደረሰባቸውን ሰዎች ራሳቸውን አነጋግሮ ስለማጥናት የመመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ተማሪዎች፣ የሥነ አእምሮ ነርሶችና አስታማሚዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሳይኮሲስ ምንድን ነው? እብደት ማለት ነው?

አንድ ሰው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ሲሰማ፣ ሌላው የማያየውን ሲያይ፣ ወይም ማንም ቢያስረዳው የማይለቀው እምነት ሲይዘው ሳይኮሲስ ይባላል። አንዳንዴ ሐሳቡ ተበታትኖ ንግግሩ መያዣ መጨበጫ ያጣል። ሳይኮሲስ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ስኪዞፍሬኒያ በሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ይመጣል። በባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት ሕመም)፣ በከባድ ድብርት፣ ከወሊድ በኋላ፣ ጫት ከልክ በላይ ከመቃምና ከሌሎች ዕፆች ጋር ተያይዞ፣ በአንጎል ሕመምም ሊመጣ ይችላል።

«እብደት» ሰፈር የሚያወጣው ስም ነው። ሰፈር ደግሞ የሚያየው ጨርቁን የጣለውን ብቻ ነው። ሳይኮሲስ ኖሮባቸው ሱቅ የሚሸጡ፣ የሚያርሱ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ብዙ ሰዎች አሉ። ጎረቤት እንኳ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ጥናት ከመጀመራችሁ በፊት «ማንን ነው የማናግረው?» የሚለውን ቁርጥ አድርጉ። መንገድ ላይ የወደቀውን ብቻ ፈልጋችሁ ከሄዳችሁ ግማሹን ታሪክ ጥላችሁ ነው የምትሄዱት።

ምልክቶቹ በመጽሐፍ ተዘርዝረዋል። ታካሚውን ቁጭ አድርጎ ማነጋገር ምን ይጨምራል?

ቁጥር የማይነግረንን ይጨምራል። ቡታጅራ ላይ ከ1998 እስከ 2001 ቤት ለቤት በተካሄደ ትልቅ ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀዋል። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ከ300 በላይ ሰዎች ተገኙ። አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና ደጃፍ ደርሰው አያውቁም ነበር። ያለዚህ ሥራ የችግሩን ስፋት እንኳ አናውቅም ነበር። ግን መድኃኒቱ ከመጣላቸው በኋላ አንዳንዶቹ ለምን አቋረጡት? ይህን ለማወቅ ሰዎቹን መጠየቅ ግድ ሆነ።

በ2013 የወጣ የቡታጅራ የቃለ መጠይቅ ጥናት ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱን ነገረን፦ የምግብ እጦት። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል። ቤት ውስጥ ደግሞ የሚበላ የለም። ሆዱ እየጮኸ ከሚያድር ክኒኑን መተው የመረጠ ሰው በምልክት መሙያ ቅጽ ላይ «ስለ ሕመሙ ግንዛቤ የለውም» ተብሎ ሊሞላበት ይችላል። ቅጹ ላይ የራት ጥያቄ የለማ።

የየል ዩኒቨርሲቲው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ስትራውስ በ1989 የጻፈውም ነገር አለ። አንዲት ወጣት የጥናቱ ተሳታፊ ጥያቄዎቹን ስትመልስ ቆይታ፣ ራሷን ለመርዳት ምን እንደምታደርግ ለምን እንደማይጠይቃት መልሳ ጠየቀችው። ስለ ምልክቶቿና ስለ ሕክምናዋ ሁሉን ጠይቋታል። ይህን ግን አልጠየቀም።

ሐኪሙም እኮ ይጠይቃል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ሐኪሙ የሚጠይቀው ለመወሰን ነው። ምን መድኃኒት፣ ምን ያህል፣ ተኝቶ ወይስ ተመላልሶ። ውጭ ሰልፍ አለ። ስለዚህ «ድምፅ ይሰማሃል? ስንት ናቸው? ያዝዙሃል?» ብሎ ያልፋል። ልክ ነው፤ ሥራው ነው።

ተመራማሪው መድኃኒት አያዝም። «ድምፅ ይሰማኛል» ከተባለበት ቦታ ላይ ነው የሱ ሥራ የሚጀምረው።

ከእውነታ የራቀ ሰው የሚናገረውን እንዴት ልመን?

ጎረቤቱ በእርግጥ መርዞታል ወይ የሚለውን ለማጣራት አልሄዳችሁም። ተመርዣለሁ ብሎ የሚያምን ሰው ምሳውን እንዴት ይበላል? ማን ያበሰለውን ነው የሚቀምሰው? ውኃ ከየት ይቀዳል? ቡና ሲጠራ ምን ብሎ ይቀራል? ለእነዚህ ከሱ የተሻለ ምስክር የለም።

ክርክሩ የቆየ ነው። ጀርመናዊው የሥነ አእምሮ ሐኪምና ፈላስፋ ካርል ያስፐርስ በ1913 ሁለት ነገሮችን ለየ፤ መንስኤን ከውጭ ሆኖ ማብራራትንና የሰውን ልብ ከውስጥ ሆኖ መረዳትን። ታካሚው የደረሰበትን እንደደረሰበት አድርጎ መግለጽ የሐኪም ሥራ ነው አለ። ያው እሱ ግን አጥርም አጠረ። እውነተኛው የሳይኮሲስ እምነት ልንረዳው የማንችለው ነገር ነው ብሎ ደመደመ። በኔ ግምት አጥሩን ቶሎ ነው ያጠረው።

ኮፐንሃገን የሚሠራው የሥነ አእምሮ ሐኪም ዮሴፍ ፓርናስና አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሉዊስ ሳስ በ2003 ባወጡት ጽሑፍ አጥሩን ነቀነቁት። የስኪዞፍሬኒያ ሥር ከድምፁና ከእምነቱ በፊት «እኔ» የሚለው ስሜት ላይ ነው አሉ። ሐሳቤ የኔ አይመስለኝም፣ ሰውነቴ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የለሁም፣ ሌላው ሰው ሳያስብ የሚያደርገውን እኔ እያሰብኩ ነው የማደርገው የሚሉ ሰዎች ቃል ነው ወደዚህ ያደረሳቸው። ፓርናስና ባልደረቦቹ በ2005 ለዚህ የሚሆን 57 ነጥቦች ያሉት የቃለ መጠይቅ መሣሪያ አወጡ። ታማሚዎቹ ለዓመታት ሲናገሩት የኖሩትን ነው ያሰባሰቡት።

ስልቶቹ ብዙ ናቸው። የትኛውን ልምረጥ?

ከስልቱ ሳይሆን ከጥያቄያችሁ ጀምሩ። «ድምፅ መስማት ለሰሚው ምን ይመስላል?» ከሆነ ፌኖሜኖሎጂ ነው። በዚህ መስመር ተማሪዎች በብዛት የሚይዙት ጆናታን ስሚዝ ከ1996 ጀምሮ ያስፋፋውን ትርጓሜያዊ ፌኖሜኖሎጂ ነው። ጥቂት ሰዎችን ይዞ እያንዳንዱን ታሪክ እስከ ታች ይወርዳል። «ሰው ከመጀመሪያው ሕመም ተነስቶ እንደገና ሥራ እስኪጀምር በምን በምን ያልፋል?» ከሆነ ሂደት ነው የፈለጋችሁት። ለሱ በ1967 ግላዘርና ስትራውስ ያስተዋወቁት፣ ከመረጃው ተነስቶ ንድፈ ሐሳብ የሚገነባው ግራውንድድ ቲዎሪ ይሻላል። (ይሄኛው አንሰልም ስትራውስ ነው፤ ከላይ ካነሳነው ከጆን ጋር አታምታቱት።)

ከብዙ ቃለ መጠይቅ የጋራ ጭብጦችን ማውጣት ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ ብራውንና ክላርክ በ2006 ያብራሩት የጭብጥ ትንተና ይበቃል። የአንድን ሰው ሕይወት ከልጅነት ጀምሮ እንዴት እንደሚተርከው ለማየት የትረካ ጥናት አለ። ጠበል ቦታ ወይም ክሊኒክ ከርሞ አብሮ መዋል ደግሞ ኢትኖግራፊ ነው። ጊዜ ይበላል፤ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጠው ወር አይበቃውም።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ፕሮፖዛሉ ላይ «ፌኖሜኖሎጂ» ተብሎ ይጻፋል። ውጤቱ ምዕራፍ ላይ ስትደርሱ «ከ15 ተሳታፊዎች 11ዱ መገለል ደርሶብኛል ብለዋል» ይላል። ይህ ትንሽ ሰርቬይ ነው። የጭብጥ ትንተና ከሠራችሁ የጭብጥ ትንተና ነው በሉት። ማንም አይቀየማችሁም።

ስንት ሰው ይበቃል?

በትርጓሜያዊ ፌኖሜኖሎጂ ከ3 እስከ 10 የተለመደ ነው። ለጭብጥ ትንተና ብዙዎች ከ12 እስከ 25 ይይዛሉ። «አዲስ ነገር መምጣት ሲያቆም አቆማለሁ» የሚለው አባባል ከግራውንድድ ቲዎሪ የመጣ ነው። ብራውንና ክላርክ ራሳቸው ለሁሉም ስልት አይሆንም ብለው ተከራክረውበታል። ገምጋሚ ኮሚቴ ቁጥር ካልሰማ አያሳልፍም፤ ቁጥሩን ጻፉለት። ዋናው ግን እነማን እንደተካተቱ ነው። ቡታጅራ ላይ ከተገኙት የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች ወንዶቹ የሴቶቹን አምስት እጥፍ ያህል ነበሩ። ሴቶቹ እውነት ጥቂት ሆነው ነው ወይስ ጓዳ ቀርተው? ክሊኒክ በር ላይ ቆሞ የመጣውን ብቻ የሚመዘግብ ሰው ይህን ጥያቄ አያነሳውም።

ምን ብዬ ልጠይቅ?

ከሕመሙ አትጀምሩ። «እስኪ የትናንት ውሎዎን ያጫውቱኝ» ብሎ መጀመር ይቻላል። ሰዉ ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ ቁርስ ሲበላ፣ ከቤት ሲወጣ ሳትጠይቁት ራሱ ወደ ሕመሙ ይመጣል። የጥያቄ መመሪያችሁ ከ6 እስከ 8 ሰፋፊ ጥያቄዎች ቢኖሩት ይበቃል። ዋናው ተከታዩ ጥያቄ ነው።

ለምሳሌ ተሳታፊው «ሰዎቹ ሌሊት ያወሩብኛል» አለ እንበል። ሁላችንም አፋችን ላይ የሚመጣው «እነዚህ ድምፆች በሳምንት ስንት ጊዜ ይሰሙዎታል?» ነው። ሁለት ነገር ተበላሸ። እሱ «ሰዎቹ» ሲል እኛ «ድምፆች» ብለን አረምነው። ሌሊቱን ደግሞ ወደ ቁጥር ቀየርንበት። ይልቅ «ትናንት ሌሊት ሲያወሩ እርስዎ የት ነበሩ?» በሉ። «ጋደም ብዬ።» «ከዚያስ?» «ተነስቼ በሩን አየሁ። ሬዲዮ ከፈትኩ።» «ሬዲዮው ሲከፈትስ?» «እሱ ሲያወራ እነሱ ዝቅ ይላሉ።» በሦስት አጭር ጥያቄ የት እንዳለ፣ ምን እንዳደረገና ራሱን እንዴት እንደሚረዳ ሰማን። ጆን ስትራውስ ሳይጠይቅ የቀረውም ይኸው ነበር።

«ለምን» የሚለውን ቃል ቆጥቡት። «ለምን እንዲህ አሰቡ?» የሚለው ጥያቄ እነዚህ ሰዎች ከፖሊስም፣ ከወንድምም፣ ከሐኪምም የሰለቻቸው ነው። «አንቱታ»ን ደግሞ አትርሱ። የ45 ዓመት ሰው፣ የልጆች አባት፣ ካርዱ ላይ የአእምሮ ሕመም ስለተጻፈ ብቻ ልጁ በሚሆን ባለሙያ «አንተ» ሲባል በየቦታው ይሰማል። «እርስዎ» ያላችሁት ዕለት የሚነግራችሁ ይለያል።

ተሳታፊው ዝም ቢል ወይም ንግግሩ ቢበታተንስ?

ዝምታውን ቶሎ አትሙሉት። መድኃኒቱ ራሱ ያዘገያል፤ ምላስ ያከብዳል፣ አፍ ያደርቃል። ውኃ አቅርቡ። አንድ ሰዓት ለመቀመጥ ካቀዳችሁ ሁለት ቀን ለግማሽ ለግማሽ ሰዓት ብታደርጉት ይሻላል። በወር አንዴ መርፌ የሚወጉት ሰዎች ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት ሊከብዳቸው ስለሚችል ቀጠሮውን እነሱ ይምረጡት።

የተበታተነ ንግግርን እንዳለ ገልብጡት። «ትርጉም የለሽ ስለሆነ ተቆርጧል» አትበሉ። ደጋግማችሁ ስታነቡት ተመላልሶ የሚመጣ ስም፣ ቦታ ወይም ቁጣ ታገኛላችሁ። አንዳንዴ ምንም አታገኙም። የማይገባ ነገር ሲያጋጥም አልገባኝም ብሎ መጻፍም ይቻላል። ቃለ መጠይቅ የከበደው ሰው ካለ ደግሞ ፎቶ እንዲያነሳ ስልክ ወይም ካሜራ ሰጥቶ በፎቶው ላይ ማውጋት የታወቀ ስልት ነው። ፎቶው ላይ የሌሎች ሰዎች ፊት እንዳይገባ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አስታማሚዎቹን ባናግር አይበቃም? እነሱ ነገሩን በደንብ ያስረዳሉ።

አይበቃም። እኛ ሀገር ከሁሉ በላይ የሚታየኝ ድክመት ይህ ነው። የታመመ ሰው ጥያቄ ሲጠየቅ ወንድሙ ይመልሳል። እናቱ ትመልሳለች። ጎረቤት ሳይቀር ይመልሳል። ታማሚው መሬት መሬት እያየ ይቀመጣል። ከዚያ ያ ንግግር «የታማሚዎች ልምድ» ተብሎ ይታተማል።

የአስታማሚ ቃል ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። በሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች ቤት ውስጥ ስለመታሰራቸው የተደረገና በ2017 የታተመ ጥናት ታማሚዎችንም፣ ቤተሰቦችንም፣ የጤና ሠራተኞችንና የአካባቢ መሪዎችንም አነጋግሯል። ቤተሰብ የሚያስረው በጭካኔ ብቻ ነው የሚለውን ግምት ገለበጠው። ልጃቸው ጠፍቶ እንዳይሞትባቸው፣ ሰው እንዳይጎዳ፣ ወይም ሕክምና ድረስ ለማድረስ ነው የሚያስሩት። ራሳቸው እያለቀሱ። የሕክምና እጦት ከጀርባው አለ። ይህን አስታማሚ ባይጠየቅ ማን ይነግረን ነበር?

ያው ሰንሰለት ግን ለታሰረው ሌላ ነው። እናት «እንዳይጠፋብኝ» ስትል እሱ ስለ ቁርጭምጭሚቱ ቁስል፣ ስለሚያየው የጎረቤት ልጅ፣ ስለ ሽንት ቤት ሊናገር ይችላል። አንዱ የሌላውን ቃል አይተካም። ስለዚህ ለየብቻ አናግሩ፤ መጀመሪያ ታማሚውን። እናትየው «እኔ ልቀመጥለት» ካሉ ተሳታፊውን ጠይቁ፤ እሱ ከፈለገ ይቀመጡ። ካልፈለገ «እማማ፣ ከእርስዎም ጋር በደንብ እናወራለን፤ እርስዎን ለብቻ ነው የምፈልገው» ሲባሉ አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይላሉ። አብሮ የመጣ ረዳት ካለ ከእናትየው ጋር ቡና ይጠጣ። ቀልድ አይደለም፤ ብዙ ቃለ መጠይቅ የሚተርፈው በዚህ ነው።

ጠበል፣ ዛር፣ ጅን፣ መተት ሲሉኝ እንዴት አድርጌ ልመዝግበው?

እንዳሉት። «ተሳታፊው ድምፅ የመስማት ምልክቱን ከመንፈስ ጋር ያያይዛል» ብሎ ወዲያው ወደ ክሊኒክ ቋንቋ መገልበጥ ትንተናው ሳይጀመር መጨረስ ነው። መጀመሪያ ማን እንደያዘው፣ መቼ እንደመጣበት፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን ሲደረግለት እንደሚለቀው ይጠየቅ። ብዙ ሰው አንድ ማብራሪያ ብቻ አይዝም። ጠዋት ጠበል ይጠመቃል፣ ማታ ክኒኑን ይውጣል። አንዱ ሩቅያ ተደርጎለት አማኑኤል ሆስፒታል ይሄዳል። ሌላዋ ከጸሎት ቤት ተነስታ ትሄዳለች። ሲጠየቁ «ፈጣሪም ሐኪምም ነው» ይላሉ። እርስ በርሱ ይጋጫል ብሎ የሚጨነቀው ተመራማሪው ነው።

ባህል ድምፁን ራሱን እንደሚቀርጸው የሚያሳይ ጥሩ ሥራ አለ። የስታንፎርዷ አንትሮፖሎጂስት ታንያ ሉርማንና ባልደረቦቿ በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ፣ በጋናዋ አክራና በሕንዷ ቼናይ ከየቦታው 20 የሳይኮሲስ ታማሚዎችን አነጋገሩ። ጥናቱ በ2015 በብሪታኒያ የሥነ አእምሮ መጽሔት ታተመ። አሜሪካውያኑ ድምፁን የተበላሸ አንጎል ምልክትና ጥቃት አድርገው አዩት፤ ብዙውም ጠብና ግፍ ነበር። ጋናውያኑ ብዙዎቹ እግዚአብሔር ይናገረኛል አሉ። ቼናይ ላይ ደግሞ ብዙዎቹ የሚሰሙት የዘመድ ድምፅ ነው። ይመክራል፣ ይቆጣል፣ ሥራ ያዛል። በምልክት ቅጽ ላይ ግን ሦስቱም «ድምፅ ይሰማል፦ አዎ» ናቸው።

በሌላ በኩል ሁሉን «ባህል ነው» ብሎ ማለፍም አደጋ አለው። በ1990ዎቹ እስራኤል ውስጥ ቤተ እስራኤላውያንን ያከሙ ሐኪሞች ስለ ዛር ሲጽፉ ያነሱት ጥያቄ ሕመም ነው ወይስ ባህል የሚል ነበር። መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል። ዛሩን ይዞ፣ ቡና አፍልቶለት ለዓመታት በሰላም የሚኖር አለ። መንፈስ ነው ተብሎ ሳይታከም የሚማቅቅም አለ። የማኅበረሰቡን ሐሳብ ብቻ ሰምታችሁ የሰዉን ስቃይ እንዳታልፉት።

ፈቃድ መስጠት ይችላሉ? ማነጋገሩስ ሕመሙን አይቀሰቅስም?

ሳይኮሲስ ያለበት ሰው ሁሉ መወሰን አይችልም የሚለው ስሕተት ነው። አብዛኛው ሰው ረጋ ባለበት ጊዜ በደንብ ይወስናል። ጥናቱን በቀላል አማርኛ አስረዱና መልሶ በራሱ ቃል እንዲነግራችሁ ጠይቁ። ምን እንደሆነ፣ ማቆም እንደሚችል፣ እምቢ ቢል ሕክምናው እንደማይቋረጥ ከገባው ችሏል። ካልገባው ሌላ ቀን። ዘመድ ስለፈረመ ብቻ እሱን መቅዳት አይገባም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ምስክር ባለበት በጣት አሻራ ይፈርማል። ፈቃዱን ደግሞ በመሃል እንደገና ጠይቁ፤ ጠዋት እሺ ያለ ሰው ከሰዓት ሊያስፈራው ይችላል። ሪኮርደር በራሱ የሚያስፈራቸው ሰዎች አሉ። ሰዎች ይከታተሉኛል የሚልን ሰው ልትቀዱት ነው የመጣችሁት። መሣሪያውን አሳዩት፣ ይያዘው፣ ማጥፊያውን እሱ ይጫን። ካልፈለገ በእጅ ጻፉ።

ስለ ሕመሙ ማውራት ሕመሙን ይቀሰቅሳል የሚለው ፍርሃት ተጋኗል። ብዙዎች በአንድ ቁጭታ ሰው ሙሉ በሙሉ ሲያዳምጣቸው የመጀመሪያቸው ይሆናል። ቢሆንም ሊያለቅሱ፣ ሊናደዱ፣ ራስን ስለማጥፋት ሊናገሩ ይችላሉ። ለዚያ ቀን ስልኩን የሚያነሳ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ስም ሳትይዙ አትውጡ። የትራንስፖርትና የጊዜ ክፍያም አትርሱ፤ የቀን ሥራውን ትቶ ነው የተቀመጠላችሁ።

በአማርኛ የሰማሁትን በእንግሊዝኛ ስጽፍ ምን ላድርግ?

ቅጂውን በአማርኛ ገልብጡ። ኮዱንም (ለየንግግሩ ክፍል የምትሰጡትን አጭር መለያ) በአማርኛ ስጡ። የምትጠቅሱትን ብቻ መጨረሻ ላይ ተርጉሙ። ቃለ መጠይቁን በኦሮምኛ ወይም በጉራግኛ ያደረገ ሰውም እንዲሁ። ሁሉን ነገር መጀመሪያ ተርጉሞ እንግሊዝኛውን መተንተን ድካም ያቀልላል፤ የሰዉን አነጋገር ግን ትንተናው ሳይጀመር ያጠፋዋል። የመተንተኛ ሶፍትዌሩ አማርኛን አይከለክላችሁም፤ የሚቸገር ካለ ወረቀትና ባለቀለም እስክሪብቶ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ከጥቂት ሰው ተነስቶ ስለ ሌላው መናገር ይቻላል?

«ከታማሚዎች ስንት በመቶው» የሚለውን አይቻልም። ሌላ ነገር ግን ይቻላል፤ ሁላችንም የተሳሳተ ስም ሰጥተነው የኖርነውን ነገር ስም ማስቀየር። የሞንትሪያሏ ተመራማሪ ኤለን ኮሪን በ1990 ያሳተመችው ሥራ ጥሩ ማሳያ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ከሰው መራቁ የሕመሙ ምልክት ነው ይባላል። እሷ ሆስፒታል ደጋግመው የሚገቡትንና የማይገቡትን አወዳደረች። የማይገቡት ከሰው ተቀላቅለው የሚውሉት ይሆናሉ ብላችሁ ብትገምቱ አይፈረድባችሁም። እነሱ ግን ራቅ ብለው፣ ርቀቱን ራሳቸው መርጠው፣ ካፌ ጥግ ቁጭ ብለው ሳያወሩ ከሰው መሃል የሚውሉ ዓይነት ነበሩ። መራቁ ለነሱ መኖሪያ ዘዴ ሆኗል።

ይህ አዲስ አበባ ላይ ይሠራል ወይ? በቀጥታ አይሠራም፤ እዚህ ብቻውን የሚቀመጥን ሰው ማን ይተወዋል! ግን ጥያቄውን ይዞ መሄድ ይቻላል። የኛ ሰው ርቀቱን የት ነው የሚያገኘው? ቤተ ክርስቲያን አጸድ ሥር? መስጊድ? ከብት ጥበቃ?

ሕመሙ ያለበት ሰው ራሱ ተመራማሪ መሆን ይችላል?

እየሆነም ነው። ኔዘርላንድስ ማስትሪኽት ላይ በ1987 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ማሪየስ ሮመ ከአንዲት ድምፅ ከምትሰማ ታካሚው ጋር ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ድምፅ የሚሰሙ ሰዎች እንዲደውሉ ጠየቀ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ደወሉ። ከነሱ ውስጥ ሐኪም ዘንድ ሄደው የማያውቁ፣ ከድምፃቸው ጋር ተስማምተው የሚኖሩም ነበሩበት። ከተመራማሪዋ ሳንድራ ኤሸር ጋር የቀጠለው ይህ ሥራ በብዙ አገር ድምፅ ሰሚዎች ራሳቸው የሚመሩትን እንቅስቃሴ ወለደ። በ2022 ደግሞ «ወርልድ ሳይካትሪ» የተባለው መጽሔት በሳይኮሲስ ውስጥ ያለፉ ሰዎችና ምሁራን አብረው የጻፉትን ሰፊ የልምድ ዳሰሳ አተመ።

ኢትዮጵያም ውስጥ የአእምሮ ጤና ተገልጋዮች ማኅበር አለ። አባላቱን ጥናቱ ካለቀ በኋላ ለአስተያየት ከመጥራት የጥያቄ መመሪያው ሲረቀቅ ጥሯቸው። ከፍላችሁ። የት ቦታ ጥያቄው እንደሚያሳፍር፣ የትኛው ቃል እንደሚያስቀይም አስቀድመው ይነግሯችኋል። አማካሪያችሁ «ገለልተኛ አይሆኑም» ሊል ይችላል። ነርሷስ ገለልተኛ ናት? ሐኪሙስ? ሁሉም ከሆነ ቦታ ቆሞ ነው የሚያዳምጠው። የቆሙበትን መጻፍ ነው የሚጠበቅባቸው፤ ከናንተም ጭምር።

ተሳታፊው «አንተ ታምነኛለህ?» ብሎ ቢጠይቀኝስ?

ይጠይቃል። አንዳንዱ «አሁን አልሰማህም? ስምህን ጠሩህ እኮ» ይላል። እዚህ ላይ መዋሸት አይቻልም። «አዎ ሰማሁ» ካላችሁ ነገ ለሐኪሙ «ያ ልጅም ሰምቷል» ብሎ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ማንንም አያምንም። «የለም፣ ሕመምዎ ነው» ካላችሁት ደግሞ ያን ዕለት ወንበሩ ላይ ሰውነቱ ይቀራል እንጂ ጨዋታው አብቅቷል።

የሚሠራው መንገድ እውነቱን ከራስ ጋር አያይዞ መናገር ነው። «እኔ አልሰማሁም። እርስዎ እንደሚሰሙ ግን አልጠራጠርም። ምን አሉ?» ብዙ ሰው ይህን ይቀበላል፤ ሌላው እንደማይሰማ ቀድሞም ያውቃልና። ደግሞ ቢጫናችሁ፣ «እውነት ናቸው ወይስ አይደሉም? ቁርጡን ንገረኝ» ቢል፣ «እኔ ይህን ለመፍረድ አልመጣሁም፤ ከሐኪምዎ ጋር ሊያወሩበት ከፈለጉ ግን አብሬዎት ሄጄ አገናኛለሁ» በሉ። ያላችሁትንም ፈጽሙ። ድምፁ ራስህን ጉዳ ወይም እገሌን ምታ እያለው እንደሆነ ከነገራችሁ ግን ቃለ መጠይቁ እዚያ ላይ ይቆማል። ሪኮርደሩን አጥፉ፣ ለምን እንዳጠፋችሁ ለራሱ ንገሩት፣ የያዛችሁትን የባለሙያ ስልክ እሱ ፊት ደውሉ።